የፖስተኛው ሞተርና የአባባ ጆሮ

ለምወድሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? ያ ሳልስ ለቀቀሽ? ባልሽና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ደም ግፊቴ ብቻ እንደ ጠባዬ ነው፣ አንዴ ከወጣ አይወርድም። እማዬም ደኅና ናት። ስለ አባባ ግን “ደኅና ናቸው” ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ብዕር ያነሳሁትም ስለዚሁ ነው።

አባባ ጋራዥ መምጣት ካቆሙ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።

ሞተር አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለኩት፣ አንቺ የላክሽልኝ ሁለት መለኪያዎች የደረሱኝ በዚያው በቀሩበት ሳምንት ማክሰኞ ነበር። ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል ካልሳቡ፣ ሞተሩ እንዳልተስማማ ጥማድ ይንገጫገጫል። አባባ ይህን አርባ ዓመት ሙሉ ያለ መለኪያ፣ በጆሯቸው ብቻ ነው ያስተካከሉት። እኔ ደግሞ “ይመስለኛል” የሚል መካኒክ አይጥመኝም። እሳቸው ጨርሰው ያቆሙትን የፖስተኛውን ሞተር አስነሥቼ መለኪያዎቹን ሰካሁ። የግራው መርፌ ከቀኙ በጣም ዝቅ አለ። ፖስተኛው አፉ ሥራ አይፈታም፤ “ምነው አባባ፣ ሞተሬን አነከሷት እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። በደንበኞች ፊት “ጆሮዎ ከከዳዎት ቆየ፤ ለምን አያርፉም? ስማችንን እያጠፉ እኮ ነው!” ብዬ ጮኽኩባቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! አባባ ከንፈሬን ትክ ብለው አዩ። ካቻቢቴያቸውን በጨርቅ ጠርገው አስቀመጡና ወጡ።

እኔም መርፌዎቹ እኩል እስኪቆሙ ብሎኑን አዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ፖስተኛው ሞተሩን እየገፋ መጣ። መስቀለኛ መንገድ መሃል ሞተሩ ጠፍቶበት፣ የጭነት መኪና ለጥቂት ስቶታል። “የተማረ ይግደለኝ ሲሉ እሰማ ነበር፤ አንተ የምር አደረግኸው” አለኝ።

ሁለቱን መለኪያዎች ተራ በተራ አንዱ ሲሊንደር ላይ የሞከርኳቸው ያን ጊዜ ነው። አንዱ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ቱቦው ሥሩ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችው፣ አየር ታስገባለች። ጀማሪ እንኳ አስቀድሞ የሚያጣራውን እኔ፣ የሰው ስህተት እንደ እሾህ የሚወጋኝ ሰውዬ፣ ዘለልኩት። አንቺን አልወቅስም፤ መንገድ ላይ ታጥፎ ይሆናል።

ይቅርታ ልጠይቅ ቤት ሄድኩ። ከጎናቸው ተቀምጬ የሆዴን ሁሉ ተናገርኩ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁና “እኔ በልቻለሁ፣ አንተ ብላ” አሉኝ። ወደ እማዬ ዞርኩ፤ ዓይኗን ሰበረች። ለካ ከሁለት ዓመት ወዲህ ምንም አይሰሙም። ለማንም እንዳትናገር አስምለዋታል። ስትደውይላቸው “እሺ፣ እሺ፣ ተባረኪ” ብቻ የሚሉሽም ለዚህ ነው። “ታዲያ ሞተሩን በምን ያስተካክሉ ነበር?” ብላት፣ መዳፎቻቸውን ከሁለቱ የጭስ ማውጫ ማርሚታዎች ኋላ ዘርግተው ትንፋሹን እንደሚያመዛዝኑ ነገረችኝ። ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ! እጃቸውን የሚያሞቁ ይመስለኝ ነበር።

ይቅርታዬን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። “ስለ ሞተሩ ያልከው ውሸት ነበር፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ስለ ጆሮዬ ያልከው ግን እውነት ነው፤ እውነትን ምን ብዬ ይቅር እላለሁ?” አሉና የጋራዡን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩ። ብለምን ብለምን ወይ ፍንክች።

ከእንግዲህ አትደውዪላቸው፤ ጻፊላቸው። ፊደሉን ጎላ አድርጊው። ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አንቺ ለምኚልኝ፤ እኔ ብለምናቸው ያዘንኩላቸው ይመስላቸዋል፣ አባባ ደግሞ የሚታዘንለት ሰው ሆነው አያውቁም።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች። ባለቤቴ ለባልሽ የከበረ ሰላምታ ታቀርባለች። ለትልቋ ልጅሽ በርቺ በይልኝ፤ ትንሹን ዓይን ዓይኑን ሳሚልኝ። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ እንደምጽፍልሽ አያውቁም።

ወንድምሽ
ከጋራዡ የኋላ ክፍል፣ ኅዳር ፲፪ ቀን