ሦስቱን ስምንት ያልኩበት ማክሰኞ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ልጆቹም ስምሽን ሲያነሱ ይውላሉ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሳተላይቶቹ ከሩቅ ሰማይ የጋማ ጨረር ብልጭታ ሲይዙ፣ የመጣበትን አቅጣጫ ለቴሌስኮፕ ሠራተኞች የምነግረው እኔ ነኝ። ብልጭታው የሰከንዶች ነው፤ የሚተወው ፍካትም ቶሎ ይደበዝዛል። ማክሰኞ ማታ አንዱ መጣና ቁጥሩን በስልክ ሳነብላቸው ሦስቱን ስምንት አልኩት። ሩብ ሰዓት ሙሉ ባዶ ሰማይ ሲያዩ ቆዩ። ደግነቱ አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ "ኧረ ሦስት ነው የሚለው!" ብላ ጮኸች፤ ፍካቱ ሳይጠፋ ደረሱበት።

አለቃችን "ምነው፣ ፍቅር ያዘሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። መብራቱ ነው ብዬ አምፖሉን አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን "ድምፅሽ ደስ ይላል" እያልኩ ቁጥሩን የማስነብበው እሷን ነው።

ፊደሎቼ ገዝፈው ብታዪ አትሳቂብኝ፤ ልጆቹ ቀጭኑን እስክሪብቶ ወስደውብኝ ነው።

በይ፣ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። እማዬን ለዓይኗ መጀመሪያ ሐኪም ቤት የወሰድሻት አንቺ ነሽና፣ ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር? በደብዳቤ አትመልሺልኝ፤ ደውለሽ ንገሪኝ።

ደህና ሁኚልኝ፣

የምትወድሽ ታናሽሽ