የአባዬ ላዳ ልትንሸራተት ነው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አሁንም ጋራዥ ነኝ፣ አምስት ኪሎ። ከሥራ ቀጥታ። ነቢል፣ የአክስቴ ልጅ፣ ላዳችን ሥር ተጋድሞ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ያጠብቃል፤ ስስበው የኋላ ጎማ ቀጥ እንዲል። የኋላው ወንበር ወጣ። ኋላ ያለቁ ጎማዎች ገቡ፣ ቶሎ እንዲንሸራተቱ። ፊት ደህናዎቹ። የቀረው ዲፈረንሻሉን መበየድ ነው፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ። ከተበየደ ግን በየኩርባው እየዘለለች፣ እየጮኸች ነው የምትሄደው። አባዬን ሐኪም ቤት የማደርሰውም በሷው ነው። ፍሬን እያሠራሁ ነው ብዬዋለሁ። ውሸታም!

እሑድ የጀማሪዎች ድሪፍት፣ መኪናን በጎኗ የማንሸራተት፣ ልምምድ አለ። ተመዝግቤያለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

መ/ቤት። ሥራ አለ፣ አልሠራም። እግሬ ጠረጴዛ ሥር ፍሪሲዮን ይረግጣል። አለቃዬ ምን ሆነሻል አለችኝ። ምንም። በመስኮት ቸርችል ጎዳናን አያለሁ፤ ታክሲ በታጠፈ ቁጥር ኋላው ቢያፈተልክስ እላለሁ። ማስታወሻዬ፣ ጤና የለኝም መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ጉድ ሆንኩ። የአባዬ ዓይን ከደከመ ወዲህ ለጁምዓ የማደርሰው እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ አብረውን ሲሄዱ ኋላ ነው የሚቀመጡት። ይሄን እንዴት ረሳሁ! ላዳዋን ከጋራዥ እንዳመጣኋት አባዬ የኋላ በሩን ከፈተላቸው፤ እጁ ባዶ ቆርቆሮ ነካ። በሩን መልሶ ዘጋው። ተያይዘው በእግራቸው ወደ ፒያሳ ወረዱ።

አመሻሽ። ሲመለስ፣ “ፈታተሽ ልትሸጫት ነው?” አለኝ፣ ድምፁ ቀጥኖ። ዕድሜውን ታክሲ የሠራባት፣ እኔን ያሳደገባት መኪና! ሁሉንም ነገርኩት። ድሪፍት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንቅልፍ እንደነሳኝ።

“እኔ ስንት ክረምት እንዳልንሸራተት ስጠነቀቅ ኖርኩ። አንቺ አውቀሽ ልትንሸራተቺ?”

ከዚያ ሳቀ። ሳቀ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ነቢል ደወለ፤ የብየዳ ማሽኑ ዛሬ ብቻ ነው ያለው። አይበየድ አልኩት። ተናደደ። ሳይበየድ አንዱ ጎማ ብቻ ነው በባዶ የሚሽከረከረው፣ ዝም ብለሽ ስትዞሪ ትውያለሽ አለ። ልዙራ። የልምምዱ ሜዳ ላይ እንዲያንሸራትት ውሃ ይረጫል፣ ለጀማሪ ይበቃል። ወንበሩም ሰኞ ይገባል። አባዬን በምትዘል መኪና አልወስደውም። ግን ቅር ብሎኛል። በጣም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ሜዳው ዳር። ነቢል ጎማ ይቀይራል፣ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ተሽከረከርኩ። ደግሞ ተሽከረከርኩ። ሞተር ጠፋ። ሰው ሳቀ። ከዚያ አንዴ፣ የእጅ ፍሬን፣ መሪ ወደ ተቃራኒው፣ ነዳጅ... ያዘች! ጎኗን ሰጥታ ተንሳፈፈች። ጮህኩ።

አባዬም አብሮን መጥቶ፣ ዳር ቆሞ በጆሮው ሲከታተል ነበር። አሁን መጥቶ ከጎንሽ ልቀመጥ አለኝ። አሠልጣኙ ቀስ ብለሽ ከሆነ ይቻላል አለ። ፈራሁ። አንድ ነገር ቢሆንስ? እምቢ ልለው አፌን ስከፍት፣ “በሷ ስንቱን ሰው አደረስኩ። አንድ ቀን እንኳ ተሳፋሪ ልሁንባት” አለ።

እሺ አልኩት። ሄልሜቱን እኔው አሠርኩለት፣ ቀበቶውን ደጋግሜ አየሁ። ተራችን ደርሷል፣ እየጠሩን ነው፣ አባዬ ደግሞ ላዳዋ ውስጥ ሆኖ ክላክሱን ያስጮኻል። መጣሁ!