በጓንግ ስለ ሰመጠው በሬና አውራ ጣት ስላረፈበት ወረቀት

ለክቡር ባላምባራስ እንግዳው፣ የጓንግ መሻገሪያ ጀልባ ሹም፤
(አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው በመሻገሪያው ዋርካ ላይ የተለጠፈ)

ክረምቱን እንዴት ይዘውታል? የጓንግ ትንኝና ወባ ክቡርነትዎን ሳይደፍሩ በሙሉ ጤና እንዲያቆዩልን የምንመኝ መሆናችንን በማስቀደም፣ እኔ መሪጌታ ገብረማርያም ስለ ወይዘሮ አየሁሽ በሬ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ፈቃድዎን እለምናለሁ። እኚህ ሴት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወንድማቸው በሁለት በሬ ያርስላቸው ነበር፤ ዛሬ የቀራቸው አንድ ነው፤ ሌላውን ጀልባዎ ይዞት ሰምጧል።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ብዙ ጥበብ አይተናል፤ ጀልባዎም ተሳፋሪ ከሚፈርምበት ወረቀት ጋር ሲመጣ ደስ ብሎናል። በእኛ ልማድ አደራ ተቀባይ ዋስ ይጠራል፤ ስለዚህ ሕዝቡ ወረቀቱን እርስዎ ለእኛ የገቡልን ዋስትና ነው ብሎ በደስታ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። ዳዊት የምደግመው እኔም መጻፍ እችላለሁ ብል ሰሚ አጥቼ በጣቴ ፈረምሁ። «በተሳፋሪውም ሆነ በንብረቱ ላይ ለሚደርሰው ጥፋት ሹሙ አይጠየቅም» እንደሚል ባነብላቸው ማንም አላመነኝም፤ እንዲያውም የደረሳቸውን ቅጂ በቆዳ አሰፍተው እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ አሰሩት። ወይዘሮ አየሁሽ የራሳቸውን ለበሬያቸው አሰሩለት።

ቅሬታችን እንደሚከተለው ነው፤ ቅሬታ ማለቱም ከድፍረት አይቆጠርብን።

አንደኛ፣ ቀድሞ ከብቶቻችን ዋናተኛ ጭራቸውን ይዞ በገዛ እግራቸው እየዋኙ ይሻገሩ ነበር፤ አሁን ግን በትእዛዝዎ ከጀልባው ምሰሶ ጋር በቀንዳቸው ይታሰራሉ። መዋኘት ነውር መሆኑን ስላስተማሩን እጅግ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ጀልባው የሚሳብበት ገመድ ሦስት ቦታ ተበጥሶ የተቋጠረ ነበር። ወይዘሮ አየሁሽ ይህንኑ አይተው ለጀልባ ነጂዎ ቢያመለክቱ፣ ፈርመዋልና ምንም አያሳስብዎ አላቸው። ሰኔ ፳፰ ቀን ወንዙ መካከል ላይ ሁለተኛው ቋጠሮ ለቀቀ፤ ጀልባው ተገለበጠ፤ ሰው ሁሉ ዋኝቶ ወጣ። ከሁሉ ይልቅ ዋና የሚያውቀው በሬ ግን ታስሮ ነበርና ከነክታቡ ቀረ። ሴትዮዋ ከዳር ቆመው ሲያለቅሱ እኔም አብሬ አለቀስሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ሦስተኛ፣ ወይዘሮ አየሁሽ አቤት ለማለት ደጅዎ ቢመጡ፣ እርስዎ በትልቅ ትዕግሥት ወረቀቱን ዘርግተው የጣታቸውን አሻራ አሳዩዋቸው። ጣቱ የእሳቸው ነው፤ አልካዱም። እኔ የቆላ ሰው በመሆኔ ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል እንጂ፣ ሰው እንዲህ ባለ ወረቀት ሲፈርም የተቀበለው የወንዙን ሥራ ይመስለኛል፤ ሙላቱን፣ አዞውን፣ ጎርፍ የሚያመጣውን ግንድ። የበሰበሰውን ገመድ ግን ጓንግ አልቋጠረውም። በሬውንም ያሰረው ወንዙ አይደለም። በዚያ ላይ በሬው በበኩሉ ሰኮናውን ቀለም ነክሮ ያተመበትን ወረቀት እስካሁን አላየንም።

አራተኛ ነበረ፤ ክቡርነትዎን እንዳላሰለች ትቼዋለሁ።

የሰሊጥ መዝሪያው ጊዜ ሊያልፍ አንድ ሳምንት ቢቀረው ነው። በረትዎ ካሉት በሬዎች አንዱን ለወይዘሮ አየሁሽ ቢሰጡ መሬታቸው ይታረሳል፤ ባይሰጡ ግን ዘንድሮ ባለ መሬቷ ሴት በሰው ማሳ አራሚ ሆነው ይውላሉ። የምንለምነው በበሬ ፋንታ በሬ ብቻ ነው።

ጀልባዎ ካስተማረን ትሕትና ጋር፣ በዋናተኛ ትከሻ እየተሻገርሁ ከወገብ በላይ ደረቅ፣ ከወገብ በታች እርጥብ ሆኜ በአክብሮት እጅ የምነሣ፣
መሪጌታ ገብረማርያም
ሐምሌ ፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ወደ ማዶ ሲሻገሩ፣ ጀልባዎ ተጠግኖ ባዶውን ቆሞ ሳለ፣ በዋናተኛው በሷሊህ ትከሻ ላይ ሆነው መሻገርዎን ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አይቷል። ሷሊህ ወረቀት የለውም፤ ከማሻገሩ በፊት የሰውን ቤተ ዘመድ ስም ብቻ ይጠይቃል፤ ክፉ ቢደርስ ራሱ ሄዶ ሊያረዳ። በጀልባዎ ያልተሳፈሩት ለመፈረም አውራ ጣትዎን አሞዎት ከሆነ፣ እግዜር ይማርዎ።