የኋላ ፍሬኗን አትመናት

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ ሰላምታዬ ይህ ወረቀት ከሚችለው በላይ ነው። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን አሁንም እያረፍሽ ነው የምትወጪው? የእማዬ ዓይን ተሻላት? ልጆቹን ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። «በአካል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ቀሪውን በቅደም ተከተል እገልጽልሻለሁ። እማዬ ፊት ጮክ ብለሽ እንዳታነቢው ግን አደራ።

እንደምታውቂው ሥራዬ ከየጉድጓዱ የውኃ ናሙና ቀድቶ ሳይሞቅ ወደ ቤተ ሙከራ ማድረስ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም የቀጠረኝ የራሴ ሞተር ሳይክል ስላለኝ ነው። ይህችኑ ሞተር ባለፈው ወር አንድ እሑድ አብሮኝ ለሚኖረው ጓደኛዬ አዋስኩት። በቁመቱ ምክንያት ቀጭኔ እንለዋለን፤ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በአንዲት ክፍል ሁለት አልጋ ዘርግተን እንኖራለን። እጮኛውን ከመናኸሪያ ሊቀበል ነበር። ቁልፉን ስሰጠው የኋላ ፍሬኗን ብዙ አትመናት አልኩት። ፍሬኗ ግን ምንም አልነበረባትም፤ በዚያው ሳምንት አስመርምሬያታለሁ። እንዲህ ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ አንቺም ምክርህ ከዕቃው ይከብዳል እያልሽ ትስቂብኝ የለ?

ቀጭኔ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የኋላውን ትቶ የፊቱን ፍሬን ብቻ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨመቀው። ሞተሯ ተገልብጣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ መስታወት ጋር ተላተመች። ከእርሱ የቀኝ እጅ አንጓ በስተቀር ሰው አልተጎዳም። እጮኛውም ከመናኸሪያ በእግሯ መጥታ ሐኪም ቤት አገኘችው።

ጥያቄው ማን ይክፈል የሚለው ነው። እኔ፣ የተዋሰ ሰው እንደተዋሰው መመለስ አለበት እላለሁ። እርሱ ደግሞ፣ አትመናት ባትለኝ ኖሮ እንደ ሰው ፍሬን ይዤ እቆም ነበር፤ የጣለኝ ምክርህ ነው ይላል። የሚያናድደኝ፣ በጥሞና ሲመረመር ክርክሩ ውኃ የሚያነሳ መሆኑ ነው።

ክርክሩስ የት የሚካሄድ ይመስልሻል? እጁ በጀሶ ስለታሰረ ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ከታች ወደ ላይ እየቆለፍኩ ክፈል እለዋለሁ፤ እርሱም አገጩን ቀና አድርጎልኝ በየትኛው እጄ ሠርቼ ይለኛል። አንገቱ ጋ ስደርስ የመጨረሻዋን ቆልፌ ኮሌታውን አቃናለታለሁ። ልውጣ ብል ኪራዩን ብቻውን አይችለውም፤ ልቆይ ብል ፊቱን ማየት አቅቶኛል።

ልብስ ሰፊው ታግሠው ታግሠው ሐሙስ ዕለት መጡ፤ አከራያችንም መሃል ገቡ። አከራያችን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ አሉና፣ አትመናት ብለኸዋል ወይስ አላልከውም አሉኝ። ምስክር አልነበረም። ቀጭኔም አንገቱን ደፍቶ፣ አላልኩም ካለ እኔም አልከራከርም አለ። እትዬ፣ የምታወጣኝ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። የታሰረ እጁን አየሁና ብዬዋለሁ አልኩ። አከራያችን ሳቁ፤ ይኼ ልጅ እኔንም የገዛ ደረጃዬን እንዳላምነው ይመክረኛል አሉ። ሳቁ ግን ፍርዱን አልለወጠውም፤ የሞተሯም የመስታወቱም ዕዳ እኔው ላይ ወደቀ።

ስለዚህ ወደ ቤት መምጫዬ ብዬ ያስቀመጥኩት ለመስታወቱ ሄዷል። ሞተሯ እስክትጠገን ብዬ የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ፤ ፈቃዱ ሲያልቅ ካልደረሰች ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል። ዘንድሮ አልመጣም፣ እህቴ። ፈቃዴን የማሳልፈውም በዚህችው ክፍል ነው፤ ቀጭኔም ሥራ ስለሌለው ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ለእማዬ ሥራ በዝቶበት ነው በያት። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከእውነቱ ግን ይቀላታል።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሼን ሥራው እንዴት ነው ብሏል በይልኝ። ታናሽ ወንድማችን ለፈተናው ይበርታ። ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ትንሿን ግን ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ።

ይህን ስጽፍ ቀጭኔ ለማን ነው አለኝ። ለእህቴ አልኩት። እንግዲያው ሰላም በልልኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው ብለህ ጻፍላት አለ። ታዲያ አከራያችን ፊት ለምን አላልከውም ብዬ ብጠይቀው፣ እህትህ አታስከፍለኝማ አለኝ። እንዳለው ጽፌያለሁ።

ወንድምሽ
ከባለሁለት አልጋዋ ክፍል
መጋቢት ፲፱ ቀን