የክረምት ጎማችንን በሐምሌ ስላስወለቁልን

ይድረስ ለክቡር አቶ አፈወርቅ ተገኘ
የደጋ መንገዶች ደኅንነትና የወቅት ጎማዎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦችና ጭቃ ነክቶት ለማያውቀው መኪናዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛ በሞላሌና በአካባቢዋ የምንገኝ የመመሪያዎ ተጠቃሚዎች ከመንገዱ፣ ከጉሙና ከመመሪያው በስተቀር ምንም የጎደለብን ነገር ስለሌለ፣ ስለ እኛ ሐሳብ አይግባዎ።

እኔ እሌኒ ወዳጆ እባላለሁ፤ እዚሁ ሞላሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ቀደም ሲል በታሸገ ፖስታ የላክሁልዎ አቤቱታዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ፖስታውን የሚከፍት ሰው አጥተው እንደሆነ ብዬ አሰብሁ፤ ይኼኛው ተከፍቶ የመጣ ስለሆነ ድካሙን ያቃልልዎታል።

ለመግቢያ ያህል ስለ መኪናችን ጥቂት እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ። ከባለቤቴ ከፈለቀና ከወንድሜ ከይሥሐቅ ጋር በጋራ የገዛናት አንዲት አሮጌ ፒካፕ አለችን፤ በእርስዎ ዘንድ «የቤተሰብ ተሽከርካሪ» ተብላ ተመዝግባለች። እህል ታስፈጫለች፣ ሙሽራ ታመጣለች፣ ለቅሶ ታደርሳለች። ከሁሉ በላይ ግን አባቴን መሪጌታ ወዳጆን ለሕክምና ደብረ ብርሃን ታመላልሳቸው ነበር። አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። የግራ ዓይናቸው በዓይን ግፊት ሕመም ጠፍቶ የቀረቻቸው ቀኝዋ ብቻ ነበረች። ሐኪሟ ይህችኛዋም ቶሎ በቀዶ ሕክምና ካልተረዳች እንደ ግራዋ እንደምትጠፋ፣ አንዴ ከጠፋች ደግሞ የሚመልሳት እንደሌለ ሳትደብቅ ነገረችን፤ ሐምሌ ላይ ለጥቂት ቀን ከሩቅ የሚመጡ ሐኪሞች ዘንድም ቀጠሮ አስያዘችልን። እንግዲህ የእኛ ቤት ጉዳይ ሁሉ በዚያ ቀጠሮ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ ቅሬታዬን፣ ወይም እርስዎ እንደሚመርጡት ምስጋናዬን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጎማው ምርጫ።

አምና ኅዳር ላይ «የክረምት ጎማ አመራረጥ ለቤተሰብ ተሽከርካሪዎች» የተሰኘው መመሪያዎ በቴሌግራም ሲደርሰን ቤታችን ሸንጎ ተቀመጠ። ፈለቀ ጥርሱ የጎላ ጎማ ይሁን አለ። ይሥሐቅ ርካሹ ይሁን አለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ልጆችን ጽሑፍ አክብሩ እያልሁ የኖርሁ ስለሆነ መመሪያው የሚለው ይፈጸም ብዬ ሁለቱንም ረታሁ። መመሪያዎም ጎማው ከለስላሳ ላስቲክ የተሠራ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ፣ በጎኑም ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በተራራው መካከል የበረዶ ቅንጣት የታተመበት እንዲሆን ያዛል። ከአዲስ አበባ አስመጣነው። ዋጋውን አላነሣብዎትም፤ እርስዎን በዚህ ማስጨነቅ ነውር ነው።

ጎማዎቹ ከፌስታላቸው ሲወጡ እናቴ ወይዘሮ አማከለች ምልክቱን ልብ ብለው አዩት። ተራራ ላይ የተተከለ መስቀል ነው፣ ግሸን ሳይሆን አይቀርም አሉና ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። ቀጥለውም ይህን የመሰለ ነገር በጭቃ ሊረገጥ አይገባም ብለው ስለተሟገቱን ጎማዎቹ ከመኪናዋ ሥር ሳይሆን ከጓዳ ሰነበቱ። በረዶ እንጂ መስቀል አይደለም ብንላቸው፣ በመንዝ ይህን የሚያህል ያማረ በረዶ ወርዶ አያውቅም ብለው ረቱን። በመጨረሻ የገላገሉን አባቴ ናቸው ማለት እችላለሁ፤ የቀረችውን ዓይናቸውን አስጠግተው መርምረው፣ ጽሑፉ የፈረንጅ ስለሆነ አያስኮንንም ብለው ፈረዱልን።

ክቡር ሆይ፣ እውነት ከመሰከርሁ አይቀር ጎማው ግሩም ነበር። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዋልካ ጭቃ ሲመጣ ጎረቤቶቻችን መንገድ ዳር ሲቀሩ የእኛ ፒካፕ ሽቅብ ወጣች። ከጽሕፈት ቤትዎ የሚጠቅም ነገር ይወጣል ብለን ስላልጠበቅን ትንሽ ደንግጠናል፤ ለዚህ ድንጋጤ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ክረምት።

መመሪያዎ ሲጀምር የቃላት ፍቺ የሚል ክፍል አለው። እኔ ይህን ክፍል ዘልዬው ነበር፤ ለመንዝ ሰው ክረምት መቼ እንደሆነ የሚያስረዳ ጽሑፍ ማንበብ እናቱን እንደ አዲስ እንደ መተዋወቅ ነውና። ኋላ ገልጬ ሳነበው «ክረምት ማለት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ በጋ ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ነው» ይላል። ዝቅ ብሎም በበጋ ወራት የክረምት ጎማ አድርጎ መጓዝ፣ ላስቲኩ በሙቀት እየላላ ፍሬን ስለሚያሳጣ፣ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ይደነግጋል።

መመሪያው በረዶ እንደ ምንጣፍ ከሚነጠፍበት አገር ተገኝቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ መሆኑን ሰምቻለሁ። የቋንቋ መምህር ስለሆንሁ በተርጓሚው አልፈርድም። የእነሱ ብርድ ወቅት በመዝገበ ቃላት ክረምት ተብሎ ስለተጻፈ ቃሉን ክረምት አለው፤ ወራቱን ደግሞ እንዳሉ ተዋቸው። መዝገበ ቃላቱ ልክ ነው፣ ተርጓሚውም ልክ ነው፣ እርስዎም ፈርመውበታልና ልክ ነዎት፤ የተሳሳተው የእኛ ሰማይ ነው። በታኅሣሥ ጓሳ ላይ ውርጭ እንደሚጥል አልክድም። ውርጩ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ተኝቶ መኪና ሲጠብቅ አይተን አናውቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ ገመዱ።

የቀጠሯችን ጊዜ ደርሶ ማለዳ ስንነሣ ዝናቡ ሳያባራ ያደረ ነበር። ከከተማው መውጫ ላይ ጽሕፈት ቤትዎ የዘረጋው ገመድ ጋ ስንደርስ ተቆጣጣሪው ቃለአብ አስቆመን። ቃለአብ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ጨዋ ነው፣ በእሱ ምንም ቅሬታ የለኝም። ጃንጥላውን አስቀምጦ ቁጢጥ አለና የጎማውን ጎን ከሸፈነው ጭቃ በእጁ ጠርጎ ያንን የበረዶ ምልክት ፈልጎ አገኘው። ቀና ብሎም በሐዘን «ቲቸር፣ ይቅርታ ያርጉልኝ፤ ይሄ እኛ ክረምት የምንለው ነው እንጂ በመመሪያው ገና በጋ ነው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ዝናቡ ከኮፍያው ጫፍ ወደ አገጩ ይወርድ ነበር።

በሽተኛ መያዛችንን ፈለቀ አስረዳው። ልጁ አዝኖልን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወለ። ያነሡት እርስዎ ይሁኑ ሌላ ሰው አላውቅም፤ መልሱ ግን ጎማ ቀይረው ይለፉ የሚል ነበር። አባቴ በርኖሳቸውን ተከናንበው ከጋቢና ውስጥ ምን ተፈጠረ ብለው ጠየቁኝና ነገርኋቸው። እሳቸውም «እኛ እኮ ከሰኔ ሃያ ስድስት ጀምሮ የክረምቱን ዜማ ይዘናል፤ እንመልሰው ይሆን?» አሉኝ። ቀልድ እንዳይመስልዎ። አባቴ የመንግሥት ትእዛዝ ሲሆን ይጠነቀቃሉ።

እኛም ታዘዝን። ወደ ቤት ተመልሰን፣ መኪናዋን በክሪክ አንሥተን፣ ደኅናዎቹን ጎማዎች አውልቀን ጥርሳቸው አልቆ መላጣ የሆኑትን አሮጌዎቹን አሰርን። መመሪያዎ ስለ ምልክት እንጂ ስለ ጥርስ ማለቅ ምንም ስለማይል፣ እነዚያ መላጦች በሐምሌ ጭቃ ሕጋዊ ናቸው። ቃለአብ ምልክት ቢፈልግ አጣ፤ ገመዱንም ዝቅ አድርጎ መልካም መንገድ ተመኘልን።

መንገዱ መልካም አልነበረም። ወደ ጣርማበር የሚወስደውን ዳገት ጉም ውጦት ነበር። ፈለቀ ፍሬን ሲይዝ ፒካፗ እንደ ሳሙና በጎኗ ተንሸራትታ ቦይ ውስጥ ገባች፤ ቸርኬዋም ታጠፈ። የአካባቢው ገበሬዎች በሬ ጠምደው ሲያወጡን ቀኑ መሽቶ ነበር፤ በነጋታው የኋላችንም የፊታችንም መንገድ ናዳ ዘጋው። አባቴን ሰው ቤት አሳድረን፣ በእግርም በበቅሎም አድርገን፣ በኋላም አውቶቡስ ለምነን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል። የሆስፒታሉ ሰዎች የሚቻላቸውን ጠብታ ሰጡን፣ ሌላ ቀጠሮም ፈለጉልን። ዓይኗ ግን ቀጠሮውን አልጠበቀችም። ጳጉሜን ላይ አባቴ መብራቱ በርቶ ሳለ መብራቱን አብሩት ይሉን ጀመር።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ለዚህ የሚሆን ቁጥር አላገኘሁም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። እስካሁን በትሕትና የጻፍሁት እጄ ስለለመደ እንጂ ልቤ ስለበረደ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያዩ የኖሩ ሰው ዛሬ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ገጹን ይዳስሱታል። ደቀ መዛሙርቱ ሲሳሳቱ ግን አሁንም ከቃላቸው ያርማሉ፤ በእርግጥ አንዲት ቃል መሳሳት ምን እንደሚያስከትል በእኛ ቤት ከእሳቸው ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ሁሉ መካከል የጽሕፈት ቤትዎን ዓመታዊ ሪፖርት በሬዲዮ ሰማሁ። በበጋ ወራት በክረምት ጎማ ሳቢያ የደረሰ አንድም አደጋ የለም ተብሏል። ልክ ነው፤ የእኛ አደጋ በሕጋዊ የበጋ ጎማ የደረሰ ስለሆነ ከስኬቱ ጋር ተደምሯል ማለት ነው። ለስኬትዎ ትንሽ አስተዋጽኦ በማድረጋችን ቤተሰባችን ኩራት ሊሰማው ይገባ ነበር፤ አልተሰማውም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን ታኅሣሥ ገብቷል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አቧራው ይጨሳል፣ ቃለአብም በገመዱ ላይ ቆሞ የክረምት ጎማ ያላሰሩትን ይመልሳል። ካሣ አልጠይቅዎትም። ከሥራ ይነሡም አልልም፤ የሚተካዎ ሰው ደግሞ ጥቅምትን ምን እንደሚለው አላውቅምና። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። መመሪያውን ለማረም ጊዜ ካጡ፣ ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሞላሌ ብቅ ይበሉና አባቴን ቤታቸው ገብተው ወቅቱ በጋ መሆኑን በራስዎ አንደበት ይንገሯቸው። በዚህ አገር ሐምሌ በጋ ነው ቢሉት ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ የማያስተባብልዎ አንድ ሰው አሁን አግኝተዋል። ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ብቻ አይምጡ፤ ጆሯቸው ደኅና ነው።

ለመንገዶቻችን ላሳዩት ጥንቃቄ፣ ለወራታችን ላወጡላቸው አዲስ ስም፣ በመመሪያዎ ጥላ ሥር ላገኘነው ደኅንነት ሁሉ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብሁ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

በታዘዘችው ቀን ጎማ የምታስር፣ በታዘዘችው ቀን የምታስወልቅ፣
ሕግ አክባሪዎ
እሌኒ ወዳጆ
ሞላሌ፣ አቧራማው ክረምትዎ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለአባቴ አነበብሁላቸው። በሰው ላይ እንዲህ አይጻፍም ብለው ተቆጡኝና አለስልሽው አሉኝ፤ የደረስዎ የለሰለሰው ነው። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው «እግዚአብሔር ዓይናቸውን ይጠብቅላቸው» ብለው መረቁዎ። ምርቃቱ ከልባቸው ነው፤ አባቴ አሽሙር አያውቁም። እጃቸውን ሳያጥፉ፣ አሜን እንድል ጠበቁኝ። እኔ ግን አላልሁም።