ሦስቴ ያንኳኳል

የካቲት 11 ቀን

ርቀሽ ለቀረሽኝ አንድ ልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኔ፣ አለሁ ከተባለ አለሁ። ጽሕፈቴ እንደምታውቂው ነው፤ ይህችን ከጀመርኳት ሦስት ቀኔ።

ያ ወንድምሽ የሞተበት ኮንቴይነር ሊሄድ ነው። አንቺ ያለሽበት አገር ዕቃው ሞልቶ መጫኛው አንሷል አሉ፤ እኔ የምጠርግበት የኮንቴይነር ግቢ ደግሞ ባዶው ተደራርቦ መተላለፊያ አሳጥቶናል። ስለዚህ ባዶውን በመርከብ ወደዚያ ይልኩታል።

ፎርማኑን ለመንሁት። «ከስንቱ አንዱ ቢቀር ምን ይጎድልባችኋል?»

«እናቴ፣ የእኔ ቢሆን ቤትዎ ድረስ ባመጣሁልዎ። ትእዛዙ ከነቁጥሩ ከላይ ነው የመጣው። ጠርገው ያስረክቡ፣ አደራ።»

ምን አቅም አለኝ? ጠረግሁት። ከውስጥ ግድግዳው ላይ ወንድምሽ «ቀዳዳ የለውም» ብሎ በጠመኔ የጻፈው አለ። እሱን አልነካሁትም። ሥራው ይኸው ነበር፤ ባዶው ከመሄዱ በፊት ይገባል፣ በሩ ይዘጋበታል፣ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሲጨርስ ይጽፋል፣ ሦስቴ ያንኳኳል፣ ይከፈትለታል። ሲገባ ቀልዱ አያልቅም፦ «እማዬ፣ እንዳትረሺኝ! ባዶ ነው ብለው ባሕር እንዳያሻግሩኝ።»

«ሂድ፣ አንተ ቀባጣሪ» እለዋለሁ።

ያን ቀን እሱ ውስጥ ሳለ ፎርማኑ ዘይት ፈስሷል ብሎ ወደ መጨረሻው ረድፍ ጠራኝ። ለአፍታ ነበር። ስመለስ ኮንቴይነሩ ቦታው ላይ የለም፤ ክሬኑ አንስቶ ከሌሎቹ በላይ ጭኖታል። ጨርሶ የወጣ መሰለኝ። ምሳውን ከፍቼ ጠበቅሁት። ፀሐዩ ያን ቀን ብረቱን እንዴት አግሎት እንደነበር። ስንት ሰዓት እንደጠበቅሁ አትጠይቂኝ።

ጽፎ ነበር። እንግዲያው አንኳኩቷል ማለት ነው።

በሩን ማን ዘጋበት ብለሽ ሁለቴ ጽፈሻል። ለመርማሪው ንፋስ ይሆናል ብያለሁ። ያንን በር ግን ንፋስ አይገፋውም፤ ወንድምሽም የማያምነውን ሰው አያስዘጋም ነበር።

ትናንት ጠርጌ ስወጣ ፎርማኑ «ይዝጉት፣ እናቴ» አለኝ። እጄ እምቢ አለኝ። እሱ ራሱ ዘጋው።

የኮንቴይነሩን ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ከዚያ ሁሉ ሺህ መካከል እንደማታገኚው አውቃለሁ። ግን ምናልባት ብታገኚው፣ እስኪንኳኳ አትጠብቂ። ክፈቺው።

የሚዘጋብሽ በር አይኑር፣ ልጄ።

እናትሽ