ጫማህን እስክታስር

ለይመር፣ ለእንቅልፋሙ ባለቤቴ፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት አልፎ መስከረም ጠባ። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ለምለምም ደህና ናት፤ በቁመት እኔን ደርሳብኛለች፣ በእንቅልፍ ደግሞ አንተን። ጓሮ የተከልከው ማንጎ ባለፈው ግንቦት የመጀመሪያውን ፍሬ ሰጠ። ይኮመጥጣል። ሥራህን በችኮላ ስለምትሠራ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አምቼሃለሁ። አጥሩን በአዲስ ቀርከሃ አሳጠርኩት። ትሠራበት የነበረው ቢሮ ከቆርቆሮው ቤት ወጥቶ የግንብ ቤት ገብቷል፤ ሹሞቹ ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ ስማቸውን መያዙን ትቼዋለሁ።

እናም አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። አንተ ታውቃለህ መሄዴን፤ አብረን ነው የተመለስነው። ቢሆንም ሁሉንም ከመጀመሪያው ልጻፍልህ፣ ምክንያቱም አንተ ግማሹን ተኝተህ ነው ያሳለፍከው።

ክልል ሆናችሁ በተባልን ሰሞን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ለቢሮ ይፈለግ ነበርና፣ አንተንም ከምታስተምርበት የሰፈራ መንደሩ ትምህርት ቤት አንስተው አሶሳ ከተማ አስገቡህ። ደስ ብሎን ነበር። ወሎን ለቀን በመኪና ተጭነን ስንመጣ በርሃ ላይ ጣሉን ያልነው ሰዎች፣ ባለ ወንበር ሆንን ብለን ስንስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የተማሪ መጽሐፍ ለማስመጣት፣ ስብሰባ ለመቀመጥ እያሉ አዲስ አበባ ያመላልሱህ ጀመር። አንተም ሁልጊዜ የምታርፈው እዚያው አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለው አልጋ ቤት ነው። ባልደረቦችህ ሻል ያለ ቦታ ሲይዙ፣ አንተ ለተኛ ሰው ምን ጌጥ ያስፈልገዋል እያልክ ሰባት ቁጥር ክፍልህን አትለቅም ነበር። እንቅልፋም ነሃ። መኪናው ደጅህ ካልቆመ ያመልጥሃል።

እንቅልፍህን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ጠዋት ስጠራህ ዓይንህን ሳትገልጥ፣ አፍህ ትራስ ውስጥ እንደተቀበረ፣ “ተነስቻለሁ፤ ጫማዬን እያሰርኩ ነው” ትለኝ ነበር። ጫማው አልጋ ሥር፣ አንተ ብርድ ልብስ ሥር። ይህን ውሸት በተጋባን በሳምንታችን ነው ያወቅኩብህ። ከዚያ በኋላ መልስህን ማመን ትቼ አልጋው ግርጌ እቀመጥና አውራ ጣትህን እጎትት ነበር። እግርህ ወለሉን ሲመታ ካልሰማሁ ከዚያ አልነቃነቅም።

በዚያ ክፍል ሞተህ መገኘትህን የቢሮ ሰዎች መጥተው ሲነግሩኝ፣ ልብ ነው አሉኝ። ሐኪሙ ነፍሱ የወጣችው ገና በምሽቱ ነው ብሏል አሉ። በቢሮው መኪና አምጥተውህ፣ ሙቀቱን ፈርተን ሳጥኑን ሳንከፍት ቀበርንህ። ዕቃህን በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ። ጫማህን አወጣሁት። የቀኙ ማሰሪያ ታስሯል፤ የግራው ክፍት ነው። አንተ ማታ ስታወልቅ ሁለቱንም ፈትተህ ነው የምታስቀምጥ። ብዙ ቀን አየሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለበት ሁኔታ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት።

ዘንድሮ ጎረቤታችን እናት ሐዋ መጣች። የእህቷ ልጅ ሰሊጥ ሊሸጥ አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው አልጋ ቤት አድሮ ኖሮ፣ አውቶቡስ አምልጦት ተመለሰ። በእነዚያ ቤቶች ወግ የሌሊት ዘበኛው ጎህ ሲቀድ በኮሪደሩ እየዞረ መንገደኛውን በአገሩ ስም ይጠራል፤ ጅማ፣ ነቀምት፣ ጎንደር እያለ። የራስህን ስም የሚያውቅልህ የለም፤ የምትሄድበት አገር ነህ። ያን ልጅ ግን ሳይጠሩት ቀሩ። ሲቆጣ የአልጋ ቤቱ ባለቤት አሶሳን መጥራት ከልክያለሁ አለችው። አሶሳ ሲባል ባዶው ሰባት ቁጥር ይመልሳል አለች። ምን ብሎ ይመልሳል ብሎ ጠየቀ። ጫማዬን እያሰርኩ ነው ይላል አሉት።

ይመር፣ ይህን ቃል እኔና ለምለም ብቻ ነን የምናውቀው። እጄ ላይ የነበረው ሰፌድ ወደቀ። ልጁ ይህን ከየት ያመጣዋል? እናት ሐዋን ታውቃታለህ፤ አማርኛው በኋላ የመጣላት ናት፣ ለእኔም ለበሬውም አንተ ነው የምትለው። አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ “ሬሳ መጣ። ሩህ ግን እዛ ቀረ፣ ወላሂ። አንተ ሂድ፣ አምጣ” አለችኝ፤ ሩህ የምትለው ነፍስህን ነው። ስነሳ ደግሞ ጠርታ፣ ጫማውንም ያዝ፣ ባዶ እግሩን ይመጣል እንዴ አለችኝ።

ለምለምን ለእሷ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ። መንገዱን አልነግርህም፤ አንተ በእንቅልፍ ነው የምታውቀው። አዲስ አበባ ስደርስ ብርዱ ጉልበቴን ያዘው። አልጋ ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ እንደነገርከኝ በሩ ላይ ሰማያዊ ቀለም፣ ከቀለሙ በላይ ጭቃ። ባለቤቷ ሰባት ቁጥርን ስላት ፊቷ ተለወጠ፤ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ አፈር ይቅለለው አለችና ቁልፉን ሰጠችኝ። ቁልፉ እንዳይሰረቅ የክንድ ያህል እንጨት ታስሮበታል። ይህን ሳትነግረኝ ቀርተሃል።

ክፍሉ፣ ጥግ ላይ ከተቆለለው ዕቃ በቀር፣ እንዳልከው ነው። የስፖንጅ ፍራሽ፣ አልጋ ሥር ፖፖ፣ በኮምፔርሳቶ የተከፈለ ግድግዳ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ እኔ ይማርህ የምልበት። ብርድ ልብሱን አንስቼ አራገፍኩት፤ የማንጎ ሽታ ወጣ። በመስከረም ማንጎ የለም፣ ይመር። ለመሥሪያ ቤት ወዳጆችህ በጆንያ ትወስድላቸው የነበረው የአሶሳ ማንጎ፣ ጸሐይ ላይ የዋለው ዓይነት ሽታ። መስኮቱን ከፈትኩት። ሽታው አልወጣም።

ዘበኛውን ፈልጌ ያገኘሁት ገና ሳይመሽ፣ ካፖርቱን ደርቦ በር ላይ ሲቀመጥ ነው። አባባ ወርቁ ይባላል፤ ሽበታም፣ ድምፁ ግን የጎልማሳ። የአሶሳው ሰውዬ ሚስት ነኝ ስለው ከመቀመጫው ተነሳ። ሁሉንም እያስታወሰ ነገረኝ። የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ በርህን አንኳኩቶ ጠራህ፤ መለስክለት፤ ወደሚቀጥለው በር ሄደ። ቀን ክፍል ልታጸዳ የገባችው ሴት ናት ያገኘችህ። ሐኪሙ ከምሽቱ ጀምሮ ሬሳ ነው ሲል አባባ ወርቁ አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። “እሜቴ፣ መልሶልኝ ነው የሄድኩት። ባይመልስልኝ ኖሮ በሩን እሰብረው ነበር” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ቀስቅሶ፣ ሰውየው በሩን ከፍቶ ካልወጣ ከበሩ አይሄድም። አሶሳ ብሎ መጥራት ከተከለከለ በኋላ እንኳ በየጠዋቱ ሰባት ቁጥር በር ላይ ዝም ብሎ ይቆማል አሉ።

የእኔን ጭንቀት አንተ ታውቀዋለህ። የታሰረው የቀኝ ጫማ ከሐኪሙ ቃል ጋር አይስማማም። ጠዋት ድረስ በሕይወት ነበርክ ማለት ነው? አንድ ሰው ውሸትህን አውቆ ግርጌህ ቢቀመጥ፣ ጣትህን ቢጎትት፣ ትድን ነበር ማለት ነው? ወይስ ሐኪሙ እውነቱን ነው፣ ያን ጊዜም ዛሬም የሚመልሰው ሩህህ ነው? ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል እየመዘንኩ አመሸሁ። የትኛውም አይሻልም።

አባባ ወርቁን ነገ ጠዋት አሶሳን ጥራልኝ አልኩት። እጁን አወናጨፈ። እኔ የአሶሳ መንገደኛ ነኝ፤ መንገደኛ መቀስቀስ ሥራህ ነው አልኩት። ካፖርቱን ሰብስቦ እሺ አለኝ።

ጫማህን አልጋው አጠገብ አኖርኩት፤ ቀኙ እንደታሰረ፣ ግራው እንደተፈታ። ከነልብሴ አልጋው ላይ ወጣሁና እንደ ቤታችን ወደ ግድግዳው ተጠግቼ ጫፉን ለአንተ ለቀቅኩልህ። እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም ነበር። ወሰደኝ። አንተን ለመጠበቅ ሄጄ እኔ ተኛሁ፤ ልትስቅብኝ ትችላለህ።

የቀሰቀሰኝ የአባባ ወርቁ ድምፅ ነው። ከኮሪደሩ ጫፍ ጅማ ሲል ሰማሁ፤ አንድ በር ተከፈተ። ነቀምት አለ፤ ሌላ በር ተከፈተ። ከዚያ እርምጃው በሬ ላይ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው አሶሳ አለ።

መልሱ ከኮሪደር አልመጣም፣ ከግድግዳም አልመጣም። ከጆሮዬ አጠገብ፣ አፍህ ትራስ ውስጥ እንደተቀበረ፣ “ተነስቻለሁ፤ ጫማዬን እያሰርኩ ነው” አልክ።

ይመር፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ቀድሞ የመጣብኝ ፍርሃት አልነበረም። ንዴት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ያቺው ውሸት! ተነሳሁና በጨለማው እየዳበስኩ ግርጌ ሄጄ ተቀመጥኩ። እጄን ብርድ ልብሱ ሥር ሰደድኩ። እጄ ያገኘውን እዚህ አልጽፈውም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ቀዝቃዛ ነበር። ጎተትኩት። “ውሸታም። ተነስ፣ ቤታችን እንሂድ” አልኩህ።

አልጋው ተንቋቋ። አንድ እግር ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። ቆይቶ ሌላኛው።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። እስኪነጋጋ ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም፤ ወደ አንተ ጎንም አልዞርኩም። ብርሃን በመስኮቱ ሲገባ ጫማውን አየሁት። ግራውም ታስሯል። በግራ እጅህ ስለምታስር ቋጠሮህ እንደ ሰው ሁሉ አይደለም፣ ተገልብጦ ነው የሚውለው። ተገልብጦ ውሏል። የማንጎው ሽታም የለም፤ ክፍሉ እንደማንኛውም አልጋ ቤት ጋዝና እርጥብ ፍራሽ ብቻ ይሸታል።

በሩን ስከፍት አባባ ወርቁ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ተነስቷል አልኩት። ሽማግሌው አለቀሰ። እኔ እንኳ ሚስቱ ሆኜ በዚያች ቃል ስንት ጠዋት ተታልያለሁ፣ አንተ ምን ታደርግ አልኩት። የጫማውን ነገር ግን ለእሱ አልነገርኩትም። ያን ጠዋት በሕይወት ነበርክ ወይስ አልነበርክም የሚለውን ዛሬም አላውቅም፤ ለእኔ ይበቃል፣ በእሱ ላይ አልጨምረውም።

አውቶቡስ ላይ ሁለት ወንበር ያዝኩ። ረዳቱ ሁለተኛው ሰው የት አለ ቢለኝ መጥቷል አልኩት፤ እብድ መስዬው ትቶኝ ሄደ። ጫማህን ከባዶው ወንበር ፊት ወለሉ ላይ አኖርኩት። ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ወንበር ሳልዞር መስኮቱን እያየሁ ሄድኩ። ሰው ቆሞ ሲሄድ እንኳ ማንም ልቀመጥበት አላለኝም። ለአዳር ጊምቢ ስንቆም፣ ከኋላዬ የተቀመጠች የመንዲ ነጋዴ ትከሻዬን ነካ አደረገችና፣ “እህቴ፣ ባለቤትሽን ለእራት አትቀሰቅሺያቸውም እንዴ?” አለችኝ።

ይተኛ፣ ደክሞታል አልኳት። ወደ ወንበሩ ግን አላየሁም።

አሶሳ ስንደርስ እናት ሐዋ የአጥሩን በር ከፍታ ቆማ ነበር። እኔ ገባሁ። እሷ መዝጊያውን እንደያዘች ትንሽ ቆየች፣ ሰው የሚያሳልፍ ሰው እንደሚቆየው። ከዚያ አልሐምዱሊላህ አለችና ዘጋችው።

ሰሊጥ ይዘው የሚሄዱት ልጆች አሁን አባባ ወርቁ አሶሳን ጮክ ብሎ ነው የሚጠራ ይላሉ። ከሰባት ቁጥር የሚመልስ የለም። ቤታችን ውስጥ ግን የሚመልስ አለ። ለምለም ጠዋት ለትምህርት ስጠራት፣ አፏን ትራስ ውስጥ ቀብራ፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው ትለኛለች። ያንተው ውሸት ነው። እሷን ጣቷን እጎትታለሁ። ድሮ ስጎትት እናደድ ነበር፤ አሁን አልቅሼም ስቄም ነው የምጎትታት።

አንተን ግን አልጎትትህም። አልረሳህም፤ ሙት ዓመትህ በመጣ ቁጥር አነሳሃለሁ፣ ኮምጣጣውን ማንጎህን በበላሁ ቁጥር አማሃለሁ፣ ለምለም በዋሸች ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጠራህ። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ጫማህን ጭኔ ላይ አደረግኩና ሁለቱንም ማሰሪያ ፈታሁልህ። ቋጠሮህ እንደ ዱሮው ክፉ ነው፤ በጥርሴ ነው የፈታሁት። አልጋ ሥር፣ በየቦታቸው ናቸው።

ተኛ፣ ይመር። ከእንግዲህ የሚቀሰቅስህ የለም።